ሰላሳ አንድ ስልክ

ይህ የሆነው ባለፈው ክረምት፣ ፍልሰታ ጾም ላይ፣ እዚሁ ጎንደር እቤታችን ነው። ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶታል። እስከ ዛሬ ለማንም አላወራሁትም፤ ለእናቴማ ጭራሽ። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፣ ስለዚህ ይህን አታነበውም። ሌላ ሰው አንብቦ እንዳይነግራት ደግሞ ሰፈራችንን አልጠራሁም፣ የጎረቤታችንንም ስም ቀይሬዋለሁ።

በአንድ የቴክኒክ ኮሌጅ ኤሌክትሪክ አስተምራለሁ። ከማስተምራቸው ምዕራፎች አንዱ አገራችን መብራቷን ከየት እንደምታገኝ የሚያስረዳው ነው። ሰሌዳው ላይ ግድብ እስላለሁ፤ ከግድቡ ሥር ተርባይን፣ ከተርባይኑ ደግሞ ረጅም ሽቦ። "የእኛ መብራት ከውሃ ነው፤ ጭስ የለው፣ ከሰል የለው፤ ስንቱ ሀብታም አገር የሚመኘው ነው" እላቸዋለሁ። እውነቴን ነው። ግን እኛ ሰፈር በጋ ሲሆን ውሃው ቀነሰ ይባላል፣ ክረምት ሲሆን ደግሞ ውሃው ሞልቶ መስመሩ ተበጠሰ ይባላል። ተማሪዎቼ ይህን እያነሱ ይስቁብኛል። እኔም አብሬ እስቅ ነበር።

አባቴ የአቋቋም መምህር ነበር። ዕድሜውን ሙሉ መቋሚያና ጸናጽል ይዞ ሲያዜምና ሲያስተምር የኖረ ሰው ነው። ሰፈሩ በሙሉ "የኔታ" ነበር የሚለው፤ እናቴም ሳትቀር። ያ ሁሉ ድምፅ ይወጣበት የነበረው ሳንባ ከሁለት ዓመት በፊት ታመመ። ሐኪሙ "ጠባሳ ይዟል፣ ወደነበረበት አይመለስም፤ ኦክስጅን እየወሰዱ ግን ይኖራሉ" አለን።

ስለዚህ የኦክስጅን ማሽን ከአዲስ አበባ አስመጣሁ። ኮመዲኖ የሚያክል፣ አየር ስቦ ኦክስጅኑን ለይቶ በቀጭን ቱቦ ወደ አፍንጫ የሚልክ ማሽን ነው። መብራት ካለ አባቴ ይቀመጣል፣ ይጫወታል፣ ተማሪዎቹ አልጋው ዳር ቆመው ሲያዜሙ የሳቱትን ያርማል። መብራት ከሌለ ማሽኑ ተራ ዕቃ ነው። ለሌሊት የሚሆን አንድ ሲሊንደርም ነበረን፤ እሱን የምናስሞላበት ቦታ ግን ራሱ በመብራት የሚሠራ ነው።

"አንቺ የመብራት ሊቅ ነሽ ሲሉ እሰማለሁ፤ ቤትሽ ግን በሻማ ነው የሚያመሸው" ይለኝ ነበር አባቴ። ይስቅና ሳቁ ሳል ይሆንበታል።

ፋሲካ እንዳለፈ ጣሪያችን ላይ ሶላር ገጠምኩ። ራሴ ቆርቆሮው ላይ ወጥቼ ነው የገጠምኩት፤ የየኔታ ልጅ ጣሪያ ላይ ወጣች ተብሎ ሰፈሩ ለሳምንት ተጫወተብኝ። ባትሪው ሞልቶ ሲያድር ማሽኑን ስድስት ሰዓት ያህል ያስኬዳል። ሌሊት በሲሊንደር፣ ቀን በሶላር። መብራት ቢጠፋም አባቴ እንዲተነፍስ አደረግኩ ብዬ ኮራሁ። በጣም ኮራሁ።

ጥፋቴም እዚሁ ላይ ነው የሚጀምረው። ከጣሪያ ስወርድ ጎረቤታችን እትዬ ማንጠግቦሽ አጥር ሥር ቆመው አንጋጠው ያያሉ።

"ምነው ልጄ፣ ይኼ መስታወት ነው መብራት የሚሰጥ?" አሉኝ።

"አዎ እትዬ፣ ከፀሐይ ነው። መብራት ሲጠፋ ስልክዎን ያምጡ። ፀሐይ የሁሉም ነች፣ ለሰፈሩም ይንገሩ" አልኳቸው።

ሚያዝያ ነበር። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ባትሪው ከቀትር በፊት ጢም የሚል። ያኔ ከተማውን በሙሉ ብጋብዝ የሚያንሰኝ አልመሰለኝም።

እትዬ ማንጠግቦሽ ለሰፈሩ ነገሩ። መብራት በጠፋ ቁጥር ሰው ስልኩን እየያዘ ይመጣል። እናቴ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ሦስት ዲቫይደር ደርድራ ትቀበላለች። ማን ቀድሞ እንደመጣ፣ የማን ተራ እንደሆነ፣ የማን ቻርጀር እንደተዋሰ ሁሉንም በቃሏ ታውቃለች። ደስ ይላት ነበር። ባሏ ከታመመ ወዲህ ቤቱ ጭር ብሎባት ነበር፣ አሁን ሰው መጣላት። የእትዬ ማንጠግቦሽ ስልክ ሁልጊዜ የመጀመሪያው ነው። ልጃቸው ቤሩት ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች፤ የምትደውለው አሠሪዎቿ ሲፈቅዱላት ብቻ ነው። ስልኩ ጠፍቶ ካገኘችው ሌላ ዕድል የምታገኘው ከስንት ቀን በኋላ እንደሆነ አይታወቅም።

ሰኔ ገባ፣ ደመናው መጣ። ሶላሩ በጋ ከሚሰጠው ሩቡን እንኳ መስጠት አቃተው። አንድ ቀን ቁጭ ብዬ አሰላሁት። አንድ ስልክ ሞልቶ የሚወስደው ኃይል ማሽኑን ሁለት ደቂቃ ያስኬዳል። ሁለት ደቂቃ ሲሉት ምንም አይደለም። አሥር ስልክ ግን ሃያ ደቂቃ ነው።

በሩ ላይ "ለጊዜው ስልክ አንቀበልም" ብዬ ጽፌ ለጠፍኩ። ማታ ስመለስ ወረቀቱ የለም። አባቴ አስነስቶት ኖሯል። ተቆጣሁ። እናቴ ማጀት እንደገባች አልጋው ዳር ተቀምጬ ሒሳቡን ነገርኩት።

"አባባ፣ አንድ ስልክ ካንተ ላይ ሁለት ደቂቃ ይወስዳል። የምቀልድ እንዳይመስልህ።"

ትራሱ ላይ ቀና አለ። ከዚያ ትንፋሹን እየሰበሰበ፣ ቆም እያለ እንዲህ አለኝ፦

"እኔ በሰው ደጅ 'በእንተ ስማ ለማርያም' ብዬ ቁራሽ ለምኜ ነው የተማርሁ። የሰጡኝን ሁሉ አላስታውስም፤ ብዙ ናቸው። 'የለም፣ እለፍ' ያሉኝን ግን እስከነ በራቸው አውቃቸዋለሁ። አሁን በስተርጅና እኔ 'እለፍ' ልበል? ደግሞስ አምጡ ያልሽ አንቺ አይደለሽም?"

ብርድ ልብሱን አስተካከልኩለት።

"ሁለት ደቂቃ ምን አላት" አለኝ ቀጥሎ። "ለማንጠግቦሽ ልጇን ማግኛ ናት። ይኼን ነገር ለእናትሽ እንዳትነግሪያት። ከሰማች ሰው ትመልሳለች።"

እሺ አልኩት። ባልለው ኖሮ።

ፍልሰታ ገባ። በሁለተኛው ሳምንት ኃይለኛ ዝናብና ንፋስ ጣለና መብራት ጠፋ። መስመር ተበጥሷል አሉ፤ የት እንደሆነ የሚያውቅ የለም። መንገዱም የተዘጋጋበት ጊዜ ስለነበር ቶሎ ደርሶ የሚጠግን ይገኛል ብሎ ተስፋ ያደረገም አልነበረም። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን ሆነ። በአራተኛው ቀን ንጋት ላይ ሲሊንደሩ ሊያልቅ ሁለት ሰዓት ያህል ብቻ ቀረው።

ሆስፒታል እንውሰድህ አልነው። ሁለት ጊዜ ተኝቶ አይቶታል፤ እምቢ አለ። "ኮሪደር ላይ አልሞትም" አለ።

ባትሪውን አየሁት። ማሽኑን ሁለት ሰዓት ጠዋት ላይ ብናስነሳው፣ ከደመናው ሥር የሚገኘውም ተጨምሮበት እስከ ሰባት ከአሥር ያደርሰዋል። ኮሌጃችን አንዲት ትንሽ የቤንዚን ጀነሬተር አለችው። ዲኑን ስለምነው "በሷ ነው የዛሬውን የክረምት ተማሪዎች የተግባር ፈተና የምንፈትነው፤ ፈተናው ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ሲያልቅ ጭነሽ ውሰጃት" አለኝ። ፈታኟም እኔው ነበርኩ። ሰባት ሰዓት ሳይሞላ እቤት እደርሳለሁ። ጭስ የሌለው መብራት እያልኩ የማስተምር ሴት በመጨረሻ የቤንዚን ጭስ ለመንኩ። ምንም አልመሰለኝም፤ አባቴ ይተንፍስልኝ እንጂ።

ከመውጣቴ በፊት ለአባቴ በጆሮው "እስከ ሰባት ከአሥር ነው ያለህ፣ ሰባት ሰዓት ሳይሞላ እመጣለሁ" አልኩት። ለእናቴ ደግሞ "ዛሬ አንድም ስልክ እንዳትቀበይ" አልኳት። ምክንያቱን አልነገርኳትም። "እሺ" አለችኝ።

ከዚህ በኋላ ያለውን እናቴ ነች የነገረችኝ።

ሦስት ሰዓት ላይ እትዬ ማንጠግቦሽ መጡ። በፌስታል ሙሉ ስልክ ይዘው ነበር። ቤተ ክርስቲያን ሱባኤ የያዙ ሴቶችና የአካባቢው ሰው ሁሉ አራት ቀን ሙሉ ስልኩ ጠፍቶበት ሲጨነቅ፣ እሳቸው እየዞሩ ሰብስበውት ነው። ስልኮቹ እንዳይቀላቀሉ በየስልኩ ጀርባ የባለቤቱን ስም በወረቀት አስጽፈው አስለጥፈዋል።

እናቴ እንዳልኳት አደረገች። "ዛሬስ ልጄ ከልክላኛለች እትዬ፣ ይቅርታ" አለቻቸው።

"ልጄ ከደወለች ሁለት ሳምንት አለፋት" ብለው በሩ ላይ አለቀሱ እትዬ ማንጠግቦሽ። "የሰዉን ባይሆን የኔን ብቻ።"

አባቴ ከውስጥ ሰምቷል። እናቴን ጠራት።

"ስንት ናቸው?" አላት።

እናቴ ወጥታ ቆጠረች። "ሰላሳ አንድ ናቸው።"

"እጃቸውን ከብርድ ልብሱ አወጡ" አለችኝ እናቴ። "ጣታቸውን እያጠፉ የሆነ ነገር ቆጠሩ፤ ያው በዓልና አጽዋማት ሲያወጡ እንደሚያደርጉት። ከዚያ 'ሁሉንም ስኪላቸው' አሉኝ። ልጅቱ ትቆጣለች ብላቸው 'እኔ እነግራታለሁ' አሉኝ።"

ከየጎረቤቱ ዲቫይደርና ቻርጀር ተሰብስቦ ሰላሳ አንዱም ተሰካ።

ስልኮቹ ነፍስ እየዘሩ ሲሄዱ የአራት ቀን መልእክት ተራ በተራ እየገባ ይጮሁ ጀመር። ጠረጴዛው ሙሉ ጢጥ ጢጥ ይላል። የባትሪውን ኃይል ለማሽኑ የሚለውጠው ኢንቨርተርም ባትሪው ሊያልቅ ሲል ጢጥ ጢጥ ይላል። ይህን ለእናቴ አሳይቻት አላውቅም። ቤት ውስጥ እኔ በሌለሁበት ባትሪው እስኪያልቅ ይደርሳል ብዬ አስቤ አላውቅማ። ኢንቨርተሩ ሲጮህ እናቴ ከስልኮቹ አንዱ መስሏት ሽንኩርቷን መላጥ ቀጠለች።

ስድስት ከአሥር ገደማ ማሽኑ ቆመ።

እናቴ ደወለችልኝ። አሥራ አንድ ጊዜ ደውላለች፤ በኋላ ስልኳ ላይ ቆጠርኩት። ፈታኝ ስልኩን ዘግቶ ነው የሚገባው፣ ስልኬ ዝግ ነበር። ወጥታ ጮኸች፣ ሰው ደረሰ። መንገድ ላይ የቆመው ባጃጅ ቤንዚን የለውም። ወንዶቹ በቃሬዛ ተሸክመን ሆስፒታል እናድርሳቸው ብለው ቃሬዛ ፍለጋ ሮጡ። አባቴ ትራስ ተደግፎ ቁጭ ብሎ ነበር። አንዴ በእጁ ወደ በሩ አመለከተ። እናቴ ቀዝቃዛ አየር የፈለገ መስሏት በሩን ከፈተች። አሁን ሳስበው እኔ መጣሁ አልመጣሁ እያየ ይሆናል።

እኔ ለሰባት አሥር ጉዳይ ላይ ጀነሬተሯን ባጃጅ ላይ ጭኜ ደረስኩ። መንገዱን ሙሉ ይበቃኛል፣ ሃያ ደቂቃ ተርፎኛል እያልኩ ነበር። ስልኬን ለመክፈት እንኳ አላሰብኩም። የግቢያችን በር ላይ ስደርስ ሰው ሞልቷል። ቃሬዛው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። እናቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ ስታየኝ ጮኸች። ባጃጅ ነጂው ጀነሬተሯን የት ላውርዳት ብሎ ይጠይቀኛል። ማጀት በር ላይ አስቀምጣት አልኩት። እንዲህ ማለቴን አስታውሳለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለው ተቆራርጦብኛል።

አንድ ነገር ግን አልተቆራረጠብኝም። የሰፈሩ ሰው አንድ በአንድ ወደ ሳሎን እየገባ ስልኩን ከሶኬት ይነቅላል። ሁሉም ሞልተዋል። መንገድ ስለተዘጋ መርዶ ነጋሪ መላክ አይቻልም፤ የአባቴን ሞት ለዘመድ የነገሩት በነዚያ ስልኮች ነው። አንዱ ወደ አምባ ጊዮርጊስ ለአጎቴ ይደውላል፣ አንዱ ወደ ሳንጃ ለአክስቴ ልጆች። ግቢው ውስጥ እየተንጎራደዱ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። እኔ በረንዳው ላይ ቁጭ ብዬ የስልኮቹን መብራት አያለሁ። በእያንዳንዱ ውስጥ ሁለት ሁለት ደቂቃ አለ። አባቴ እዚያ ውስጥ ነበር።

በመሀል የእትዬ ማንጠግቦሽ ስልክ ጮኸ። ልጃቸው ነበረች፣ ከቤሩት። ፈጥነው አነሱት። "አለሽ? በሕይወት አለሽ?" ይላሉ፤ እሷ ወዲያ ታለቅሳለች፣ እሳቸው ወዲህ። "የኔታ ሞቱብን" ይሏታል፣ መልሰው ደግሞ "እሰይ ልጄ፣ እሰይ ድምፅሽን ሰማሁ" ይላሉ። ለቅሶውና ደስታው ተደባልቆባቸው ጎንበስ ቀና ይላሉ። ልጠላቸው ፈለግኩ። አልሆነልኝም።

አባቴን በማግስቱ ቀበርነው። መብራት የመጣው በሦስተኛው ቀን ነው። ድንኳኑ ውስጥ ያሉ ሰዎች በልማድ "እልል" ሊሉ ከጀመሩ በኋላ አፋቸውን ያዙ።

ሒሳቡን ስንት ጊዜ እንደሠራሁት አላውቅም። ሰላሳ አንድ ሲባዛ በሁለት፣ ስልሳ ሁለት ደቂቃ። ከሰባት ከአሥር ላይ ስልሳ ሁለት ደቂቃ ሲቀነስ፣ ማሽኑ የቆመበት ሰዓት። እኔ የደረስኩት ከዚያ አርባ ደቂቃ ዘግይቼ ነው። አባቴም ይህን በጣቱ አስልቶታል። አርባ ደቂቃ እችላለሁ ብሎ ይሆን? ከዚያ በፊት ያለ ማሽኑ ግማሽ ሰዓት የቆየበት ቀን ነበር። ወይስ እንደማይችል እያወቀ ነው? አላውቅም። የማውቅበት መንገድም የለም። ስለ ኤሌክትሪክ ምንም የማላውቅ ሴት ብሆን ኖሮ ቀኑ ደርሶ ነው ብዬ እጽናና ነበር፤ ሌላው ሰው ሁሉ በዚሁ ነው የተጽናናው።

በሰልስቱ ማታ እናቴ አጠገቤ ተኝታ ጠየቀችኝ።

"ልጄ፣ እነዚያ ስልኮች ይሆኑ እንዴ?"

መብራቱን አጥፍተን ስለነበር ፊቴን አላየችውም።

"የምን ስልክ ነው እማዬ" አልኳት። "ስልክ ምንም አይወስድም። ባትሪው ነው የደከመው።"

ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። "ተመስገን" አለች። ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ ወሰዳት።

ለእትዬ ማንጠግቦሽም ይህንኑ አልኳቸው። አፈር ላይ ተደፍተው ሲጠይቁኝ ሌላ ምን ልበል? ለሰፈሩም ይህንኑ አልኩ። አሁን ይህ ሰፈር ስልክ ምንም እንደማይወስድ ከኔ ከመምህሯ ሰምቶ ያውቃል።

ኮሌጅ ማስተማሬን ቀጥያለሁ። ግድቡን እስላለሁ፣ ተርባይኑን እስላለሁ፣ ሽቦውን እስባለሁ። ተማሪዎቹ መፍትሔው ምንድን ነው ሲሉኝ ውሃውም ፀሐዩም ንፋሱም ተጋግዘው መሥራት አለባቸው ብዬ መጽሐፉ ላይ ያለውን እነግራቸዋለሁ። ትክክል ነው። ግን ስናገረው ድምፄ የኔ አይመስለኝም። በእኔ ዕድሜ አየዋለሁ ብዬም አላምንም።

ባለፈው ሳምንት እንደገና መብራት ጠፋ። ይኸው እስካሁን አልመጣም። ዛሬ ጠዋት እትዬ ማንጠግቦሽ ፌስታላቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆሙ። ከአባቴ ሞት ወዲህ ስልክ ይዘው ሲመጡ ይህ የመጀመሪያቸው ነው። አልገቡም።

"ምንም አይወስድም ብለሽኝ ነበር፣ አይደለም ልጄ?" አሉኝ።

"ምንም አይወስድም እትዬ" አልኳቸው።

ፌስታሉን ተቀበልኳቸውና አንድ በአንድ ሰካሁት። ስንት እንደሆኑ እንዳልቆጥር ጣሪያ ጣሪያውን እያየሁ።